የጂፒኤስ ገደል ማሚቶ፦ ቦታ ልቀይር፣ አንቴና ልግዛ ወይስ ሪሲቨር?

ገርጂ አካባቢ ነው። ግቢው በሦስት በኩል የቆርቆሮ አጥር አለው። በአራተኛው በኩል የጎረቤት ጣሪያ ዝቅ ብሎ አጥሩ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። ቀያሽ ነኝ፤ የግቢውን የወሰን ማዕዘን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሪሲቨር፣ ማለትም በሳተላይት ሲግናል መቀበያ፣ ለካሁ። የመሣሪያው ማሳያ፣ ኮንትሮለሩ፣ «ፊክስድ» አለ፣ ቦታውን አጥብቄ ይዣለሁ ማለቱ ነው፤ ስህተቱንም 1 ሳንቲ ሜትር ብሎ አሳየኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። በማግስቱ በዚያው በ3 ሰዓት ተመልሼ ደገምኩት። ያው ቁጥር። ልቤ አረፈና ችካሉን መታሁ።

ከሰዓት ቶታል ስቴሽን (ያለ ሳተላይት፣ በጨረር ርቀትና ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ) መንገዱ ላይ ተክለን ስናየው ችካሉ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎረቤት ገብቷል። የግቢው ባለቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያዩናል።

«ልጄ፣ ጠዋት የመታኸውን መልሰህ ትነቅላለህ?»

«ሳተላይቱ አሳስቶኝ ነው፣ እማማ።»

«አይ! ሰማይ ላይ ሆኖም ይሳሳታል?» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

እውነቱን ለመናገር ሳተላይቱ አልተሳሳተም። ያሳሳተኝ ቆርቆሮው ነው። ሪሲቨር ርቀት የሚያውቀው ሲግናሉ ከሳተላይት እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ነው። ሲግናሉ በቀጥታም፣ ቆርቆሮ ላይ ነጥሮም ሲመጣ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስትጣሩ ገደል ማሚቶው ከራሳችሁ ድምፅ ጋር እንደሚደራረበው ማለት ነው። በሙያው ቋንቋ «መልቲፓዝ» ይሉታል።

ታዲያ የሁለቱ ቀን ልኬት ለምን ገጠመ? የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ሰማይ ላይ ወደነበሩበት አቀማመጥ ይመለሳሉ። ያኔ የያዝነው ሪሲቨር ጂፒኤስ ብቻ የሚቀበል አሮጌ ዕቃ ነበር። በማግስቱ በ3 ሰዓት ስሄድ ያው ሳተላይት፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ስህተት ጠበቀኝ። አመሳከርኩ ያልኩት ስህተቱን ከራሱ ጋር ነው።

ማሚቶው ከየት ነው?

«ለዚህ ችግር ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ማሚቶው ከየት ነው የሚመጣው? ከታች፣ ከመሬትና ከጣሪያ ከሆነ አንቴና ይረዳል። ከሩቅ ፎቅ ከሆነ ሪሲቨር ይረዳል። ቅርብ ካለ ግድግዳ ከሆነ መራቅ ነው። ቀጥታው ጨርሶ ተከልሎ ማሚቶው ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ብር ማውጣቱ ብዙም አያድንም። ሻጮች ይህን ጥያቄ አይወዱትም።

ቁጥር ልስጣችሁ። ከመስታወት ግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ ቆማችኋል እንበል። ከግድግዳው ፊት ለፊት፣ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ አንድ ሳተላይት አለ። ግድግዳው ላይ ነጥሮ የሚመጣው ሲግናል ከቀጥታው 8.7 ሜትር ያህል ይበልጥ ይጓዛል። ግድግዳው 60 ሜትር ቢርቅ ትርፉ መንገድ 104 ሜትር ይሆናል። ላይ ላዩን ሲታይ የሩቁ ይከፋል። ለሪሲቨሩ ግን የሩቁ ቀላል ነው፤ በጣም ዘግይቶ ስለሚመጣ ከቀጥታው ይለያል። የቅርቡ ነው ተለጥፎ የሚመጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪሲቨር ሁለት መለኪያ አለው በሉት። አንዱ ሲግናሉ ተሸክሞት የሚመጣው ኮድ ነው፤ ስልክና የመኪና ጂፒኤስ በዋናነት የሚሠሩት በእሱ ነው፤ በማሚቶ ሲሳሳት በሜትር ይሳሳታል። ሌላው የሞገዱ ፌዝ (ሞገዱ ከዙሩ የቱ ጋ እንደደረሰ) ነው፤ የቀያሽ መሣሪያ ሳንቲ ሜትር የሚያወጣው ከዚህ ነው። ኤል1 የሚባለው ዋናው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመቱ 19 ሳንቲ ሜትር ነው። ማሚቶው ከቀጥታው እስካልጠነከረ ድረስ በአንድ የፌዝ ልኬት ላይ የሚያመጣው ስህተት ከሞገዱ ሩብ፣ ማለትም ከ4.8 ሳንቲ ሜትር፣ አይበልጥም። ትንሽ ትመስላለች። የወሰን ክርክር ላይ ግን ጎረቤት ያጣላል። ይባስ ብሎ ማሚቶ የበዛበት ቦታ ሪሲቨሩ የሞገዶቹን ቁጥር ራሱ አሳስቶ ሊቆጥር ይችላል። ያኔ «ፊክስድ» እያለ ብዙ አሥር ሳንቲ ሜትር ይስታል።

ቦታና ሰዓት

ይህ በነፃ ነው፣ ስለዚህም ማንም አያምነውም።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት። ሳተላይቱ ሲንቀሳቀስ ማሚቶው ከቀጥታው ጋር አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጣላል። ስህተቱም እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ይላል። 2 ሜትር ፖል ላይ ያለ አንቴና ከሜዳ መሬት ለሚመጣ ማሚቶ አንዱ ዙር ፈጠነ ቢባል 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሳተላይቱ ሲያዘግም ከዚያ በላይ። 30 ሰከንድ ለክታችሁ ብትሄዱ የዥዋዥዌውን አንድ ጫፍ ብቻ ይዛችሁ ሄዳችኋል። ኮንትሮለሩ የሚያሳያችሁ 1 ሳንቲ ሜትር በእነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ ቁጥሩ ምን ያህል እንደተንቀጠቀጠ ነው። ከእውነቱ ምን ያህል እንደራቀ አያውቅም። ስለዚህ አስፈላጊ ነጥብ ሁለት ጊዜ ይለካ፣ በመሃሉም ሰዓታት ይለፉ። ጠዋት 3 ሰዓት ከለካችሁ ከሰዓት 8 ሰዓት ተመለሱ። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት መመለስ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይታችኋል። አሁን የአውሮፓው ጋሊልዮ፣ የሩሲያው ግሎናስና የቻይናው ቤይዱ ሳተላይቶች ስለተጨመሩ ድግግሞሹ እንደ ድሮው አይደለም፤ የጂፒኤሱ ድርሻ ግን ያው ነው።

ስለ ቦታ ደግሞ የቤዙን፣ አንድ ቦታ ተተክሎ እርማት የሚልከውን ሪሲቨር፣ ነገር ላስቀድም። ሮቨር፣ ይዘነው የምንዞረው ሪሲቨር፣ ቢሳሳት አንድ ነጥብ ነው የሚበላሸው። ቤዝ ቢሳሳት የቀኑ ሥራ በሙሉ አብሮ ይሳሳታል። እኛ አገር ቤዝ ፎቅ ጣሪያ ላይ መትከል ይወደዳል። ሰማዩ ክፍት ነው፣ ሌባም አይደርስበትም። ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ መስታወት ላይ እንደመትከል ነው። የኮንክሪት ሰገነት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ዲሹ አጠገብ አይሁን። የውሃ ታንከሩም አጠገብ አይሁን። ፕላስቲክ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲግናል ያነጥራል። ፒካፑንም ከቤዙ ጥግ አታቁሙ። ጥላ ፍለጋ ትራይፖዱ አጠገብ መኪና የሚያቆም ሹፌር ያላጋጠመው ቀያሽ ካለ ይንገረኝ።

ነጥቡ ራሱ ግድግዳ ሥር ከሆነስ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወጣ ብሎ ክፍት ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ መለካትና ከእነሱ ተነስቶ በሜትር ወይም በቶታል ስቴሽን ማዕዘኑን መያዝ ነው። ሁለተኛው ዘንበል ብሎ መለካት የሚችል ሮቨር ነው። የ2 ሜትር ፖል በ30 ዲግሪ ሲያዘነብል አንቴናው ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ይህ ሰማዩን ትንሽ ይከፍታል እንጂ ማሚቶውን አያጠፋም። ሻጮች ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ያወሩታል።

አንቴና

ከሳተላይት የሚወጣው ሲግናል ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው የሚመጣው፣ እንደ ብሎን ጥርስ። አንድ ጊዜ ሲነጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ቀኝ እጃችሁን ስታነሱ በውስጡ ያለው ሰው ግራውን እንደሚያነሳ ነው። ጥሩ አንቴና የቀኙን በደንብ ይሰማል፣ የግራውን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ርካሹ ሁለቱንም ይሰማል። ብር የሚያወጣው አንዱ ልዩነት ይህ ነው። ግን ሁለት ጊዜ የነጠረ ሲግናል መልሶ ቀኝ ይሆናል። በሁለት የመስታወት ፎቆች መካከል ስትቆሙ ይህ ጥበብ ይከዳችኋል።

ሌላው ልዩነት ከታች የሚመጣውን መከልከል ነው። ለዚህ የታወቀው «ቾክ ሪንግ» ነው። በአሜሪካ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ንድፍ ነው። ሲያዩት ትልቅ ድስት ውስጥ ትንሽ ድስት፣ በትንሹም ውስጥ ሌላ ትንሽ የተቀመጠ ይመስላል። የቀለበቶቹ ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት ሩብ በለጥ ይላል። በጠርዙ ዞሮ ሊገባ የሚል ሞገድ ቀለበቶቹ መካከል ገብቶ ይሞታል። ተራ ጠፍጣፋ ብረት ከሥር ብታደርጉ ግን ሞገዱ ጠርዙን ታኮ ወደ ላይ ይጠመዘዛል።

ልግዛው? ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ፖል ላይ ሰቅላችሁ ግቢ ለግቢ ልትዞሩ አትችሉም። ቦታው ቋሚ ጣቢያ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው፣ በዓለም አቀፉ መረብ «አዲስ» በሚል ኮድ እንደሚታወቀው ዓይነት። ግድብ ወይም ድልድይ የሚከታተል፣ ወይም የራሱን ቋሚ ቤዝ የሚተክል ድርጅት ይግዛው። የወሰንና የመንገድ ሥራ የሚሠራ ቢሮ ግን ብሩን ሌላ ቦታ ያውለው። ሌላም አትርሱ፦ ቾክ ሪንግ ከአድማስ በታች የሚመጣውን ይከለክላል። ከጎን፣ ከፎቅ መስታወት ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን እንደ ሳተላይት ይቀበለዋል።

ሪሲቨር

እዚህ ላይ ማስታወቂያው ይበዛል። እውነተኛው ነገር ግን ደስ ይላል።

የድሮው የጂፒኤስ ኮድ በቁርጥራጭ የተሠራ ነው። አንዱ ቁራጭ «ቺፕ» ይባላል፤ ርዝመቱ 293 ሜትር ነው። ሪሲቨሩ የራሱን ቅጂ ከመጣው ኮድ ጋር እያንሸራተተ ያጋጥማል። የድሮ ሪሲቨሮች ለማጋጠም አንድ ሙሉ ቺፕ የሚያህል ክፍተት ይጠቀሙ ነበር። ቁመቱ የቀጥታው ሞገድ ግማሽ የሆነ ማሚቶ በዚህ ዘዴ እስከ 73 ሜትር ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከካናዳው ኖቫቴል የወጣው «ናሮው ኮሬሌተር» ክፍተቱን ወደ ቺፕ አሥረኛ አጠበበው። ያው ማሚቶ አሁን 7 ሜትር ገደማ ብቻ ያሳስታል። ዛሬ ደህና የሚባል የቀያሽ ሪሲቨር ሁሉ ይህን ወይም የልጅ ልጁን ይዟል፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ስም ሰጥቶታል እንጂ።

ወጥመዱ ይሄው። ጥቅሙ ዘግይቶ ለሚመጣ ማሚቶ ነው። ትርፉ መንገድ ከ10 ሜትር ካነሰ ሰፊውም ጠባቡም እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይሳሳታሉ። ቅድም ያልነው የ5 ሜትር ግድግዳ ትርፉ 8.7 ሜትር ነበር። ስለዚህ ለግቢ ሥራ ይህ ጥበብ ከ1992 ወዲህ ብዙ አልጠቀመንም። ለፌዝ ልኬቱማ ጭራሽ።

በእኔ ግምት ከስሙ ይልቅ ሪሲቨሩ የሚቀበለው ሲግናል ይታይ። ኤል5 እና ኢ5 የሚባሉት አዳዲሶቹ የጂፒኤስና የጋሊልዮ ሲግናሎች የኮድ ቺፓቸው 29.3 ሜትር ነው፤ አሥር እጥፍ ያጠረ። ጋሊልዮ ኢ5ን በሙሉ ስፋቱ የሚቀበል ሪሲቨር ማሚቶን በኮድ ላይ ከሁሉም በተሻለ ይቋቋማል። ሁለት ሪሲቨር ዋጋቸው ተቀራርቦ አንዱ ኤል1 እና ኤል2 ብቻ፣ ሌላው ኤል5ንም የሚይዝ ከሆነ አታመንቱ፣ ሁለተኛውን። «ከ1,000 በላይ ቻናል አለው» ሲሏችሁ ግን ፈገግ ብላችሁ እለፉ። የቻናል ብዛት ማሚቶ አይከለክልም።

ሶፍትዌር

በአጭሩ። የከፍታ ገደቡን 15 ዲግሪ አድርጉ፤ ዝቅ ያሉት ሳተላይቶች ናቸው በብዛት የሚያሳስቱት። ዛሬ ሳተላይት ሞልቷል፣ ጥቂት ብትጥሉ አይጎድልባችሁም። ኮዱን በፌዙ ማለስለስ ከሮናልድ ሃች እ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፤ ጫጫታውን ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘውን የቅርብ ግድግዳ ማሚቶ ግን አይነካውም። የትናንቱን ስህተት ከዛሬው መቀነስ ለቋሚ ጣቢያ ብቻ ነው።

የሲግናሉን ጥንካሬ ማየት ግን ልመዱ። ከፍ ብሎ ያለ ሳተላይት 45 ዲቢ-ኸርዝ አካባቢ ሊያሳይ ሲገባው 33 ካለ አንድ ነገር ጋርዶታል። ቁጥሩ በየደቂቃው በምት ከፍ ዝቅ ካለ ማሚቶ ነው። ይህን ከፍ ዝቅ እኛ ስንረግመው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲን ላርሰን ከእሱ የአፈር እርጥበትና የበረዶ ውፍረት ለካችበት። ናሳም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ስምንት ትናንሽ ሳተላይቶች ያመጠቀው ከባሕር የሚነጥረውን የጂፒኤስ ሲግናል ሰምተው የአውሎ ነፋስ ፍጥነት እንዲለኩ ነው። የእኛ ቆሻሻ የእነሱ ቀለብ ነው።

ሌላ ማሳሰቢያ፦ ማታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ሲግናሉ ቢንቀጠቀጥ ወደ ቆርቆሮው አትጠቁሙ። አገራችን ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ሥር ናት፤ የላይኛው አየር ራሱ ነው የሚያናውጠው። ለእሱ አንቴና መግዛት ብር ማቃጠል ነው።

ቀጥታው ሲከለል

ፎቁ ሳተላይቱን ሙሉ በሙሉ ጋርዶ ማሚቶው ብቻ ከማዶው መስታወት ሲመጣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል። የሚያወዳድሩት ቀጥታ የለም። ስህተቱ ትርፉ መንገድ በሙሉ ነው፤ 60 ሜትር ቢሆን 60። ሪሲቨሩም በደስታ ይቀበለዋል፤ የብረት ሽፋን ያለው መስታወት አጥርቶ ነው የሚያነጥረው። ለቀያሽ መልሱ ቶታል ስቴሽን ነው። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሥራው በስልክ ለሆነ ሰው ግን ቶታል ስቴሽን ተሸከም አይባልም። ቦሌ መንገድ ላይ ራይድ ጠርታችሁ መኪናዋ ካርታው ላይ ከመንገዱ ማዶ ስትዘል አይታችኋል። ሹፌሩ ደውሎ «የት ጋ ኖት?» ይላል፣ እናንተም «ፎቁ ጋ» ትላላችሁ፤ ፎቅ እንዳልሞላ። ለሹፌሮች ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ስልክ መግዛት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሻኦሚ ሚ 8 የመጀመሪያው ነበር፣ አሁን በየመካከለኛው ዋጋ ይገኛል። ኤል5 ስላለው የፎቁን ማሚቶ ይበልጥ ይለያል። ወይም ባለው ስልክ መቀጠልና ስልኩን ከመሪው ሥር አውጥቶ መስታወቱ ጋ ማድረግ። ሁለተኛውን አስቀድሙ፤ ነፃ ነው። ሦስተኛ መንገድም አለ፣ የፎቆቹን ቅርፅ በካርታ አውቆ «ይህ ሳተላይት እዚህ ጋ መታየት የለበትም» የሚል ሶፍትዌር። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፖል ግሮቭስ የሠራበት መንገድ ነው። ይህ ግን ስልኩ ውስጥ የሚገባው በአምራቹ ፈቃድ ነው እንጂ እናንተ የምትመርጡት አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ለአነስተኛ የቅየሳ ቢሮ ምርጫዬ ይህ ነው፦ ኤል5 የሚይዝ ባለ ብዙ ሲስተም ሮቨር፣ ደህና ተራ የቤዝ አንቴና፣ በቀረው ብር ያገለገለ ቶታል ስቴሽን። ቾክ ሪንግ አይግዙ። ዘንበል የሚለውን ሮቨር ብር ከተረፈ።

ሻጩ መሣሪያውን ሊያሳያችሁ ሜዳ ይወስዳችኋል። አትሂዱ። በቶታል ስቴሽን ያረጋገጣችሁትን፣ ከቆርቆሮ አጥር 3 ወይም 4 ሜትር የራቀ ነጥብ አዘጋጁ። ፖሉን በሁለት እግር ድጋፍ አቁሙት፣ ሰው አይያዘው። ግማሽ ሰዓት በየሰከንዱ ይመዝግብ። አማካዩን ብቻ አትዩ፤ ቁጥሩ እየተወዛወዘ ስንት ሳንቲ ሜትር ድረስ እንደሄደ እዩ። ከዚያ ምሳ ጋብዙት፣ አራት ሰዓታት አሳልፋችሁ ተመለሱና ያንኑ ድገሙ። ሁለቱን ውጤቶች ከቶታል ስቴሽኑ ቁጥር አጠገብ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ሻጩ ፊት አስቀምጡት።